የተቃናው ዘንግ

«እኔ እዚህ ቤት እያለሁ ያ ሰው መኪናዋን በዓይኑ አያያትም» አለች የአጎቴ ሚስት፤ ሁለት እጇን በበሩ መቃን ላይ ዘርግታ መውጫውን ዘግታዋለች።

«ቢያያትስ ምኗን ይበላል?» አለ አጎቴ። «ቆማለች እኮ። የቆመ መኪና ማን ይመኛል?»

«አንዴ በልቷታልማ። ዘንጉን ብቻ አይቶ እንዲህ ያደረጋት ሰው፣ ሁለመናዋን ሲያይ ምን ሊያተርፍልህ ነው?»

ጠዋት ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ እነሱ ግን ክርክሩን የጀመሩት ገና ከመኝታቸው ሳይነሱ ነው። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ደብተሬን የማነብ መስዬ እሰማ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ማንበብና መጻፍ ያስተማረኝ የለም፤ ፊደሉን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የቀረውን ከመጠቅለያ ወረቀት ለቅሜ ነው የያዝኩት። ግጥም እጽፋለሁ ስለምል አጎቴ ባለቅኔው እያለ ይቀልድብኛል፤ ሚስቱ ደግሞ ዓይኔ የማያየው ነገር የለም እያለች ታማኛለች። ይህን ሁለተኛውን እንደ ሙገሳ ነበር የምቆጥረው።

መኪናዋ ከቤቱ ፊት፣ እንሰቱ ከሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ቆማለች። የእኛ አይደለችም። ጣሊያን ቡታጅራ ላይ የጦር ሰፈር ከተከለ ወዲህ አጎቴ የሰፈሩ ቅጥር ሾፌር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ከቆሼ በቆሎ ጭኖ ሲመጣ እንሴኖ አጠገብ ወንዝ ውስጥ የመኪናዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ተላተመ፤ ከዚያ ወዲያ ማርሽ አልገባ አለ። ጭነቱን በአህያ አሸክሞ፣ እሷን በአራት ጥማድ በሬ አስጎትቶ ደጃችን አደረሳት። የገበያ ሰው ሁሉ በሬ መኪና ሲጎትት አየሁ እያለ ሳቀ። ያልሳቀው ካፒታኖ የምንለው የሰፈሩ አዛዥ ብቻ ነው።

ካፒታኖው በድንጋይ አላመነም። በዚያ ወር ውስጥ ሁለት መኪኖች መንገድ ላይ ቆመውበታል፤ ሾፌሮች ከአርበኞች ጋር ተዋውለው ሆን ብለው ያበላሻሉ የሚል ወሬ ጆሮው ገብቷል። ከሁለቱ ሾፌሮች አንዱ ለጥያቄ ተጠርቶ በዚያው ቀርቷል። ለአጎቴ የተሰጠው ፍርድ በአስተርጓሚው አፍ የተነገረው አጭር ነበር፤ መኪናዋ በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ በራሷ ጎማ ሰፈሩ ከገባች ጥፋተኛው ድንጋይ ነው፤ ካልገባች ድንጋዩ አንተ ነህ።

ያ ቀን ሦስተኛው ቀን ነበር።

የተበላሸውን ነገር ለማያውቅ ሰው ልናገር። ሾፌሩ በእጁ የሚይዘው የማርሽ እጀታና ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከመኪናዋ ሆድ ስር የሚያልፍ የብረት ዘንግ ነው። እጀታውን ስትገፋ ዘንጉ ይገፋል፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ማርሽ ይገባል። የዘንጉ አንዱ ጫፍ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በብሎን ከእጀታው ግርጌ ጋር ይታሰራል። ድንጋዩ የሰነጠቀው ይህን መንታ ጫፍ ነው። የሰፈሩ ጣሊያናዊ መካኒክ ወባ ይዞት አዲስ አበባ ከሄደ ሰንብቷል፤ አጎቴ ደግሞ መንዳት እንጂ ከስር ያለውን አያውቅም። ወንዙ ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ዘንጉን ፈታና አወጣ። ዘንጉ መካከሉ ላይ ጎበጥ ብሏል። «ይኸው፣ ድንጋዩ አጥፎታል» አለ። ማታውን ሚስቱ ዘንጉን በጨርቅ ጠቀለለችና ለእኔ ሰጠችኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ እንሴኖ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ነበር። ማጭዱንም ቢላውንም የሚሠራልን እሱ ነው፤ ነገር ግን ዓይኑ ይፈራል። በአገራችን ቀጥቃጭ ከደጅ አልፎ ቤት አይገባም፤ የሚበላው በእንሰት ቅጠል ላይ ተደርጎ ውጭ ይሰጠዋል፤ የወለደች ላምና ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእሱ ይሸሸጋል። መኪና ከላምም ከሕፃንም የሚበልጥ ነገር ስለሆነ የአጎቴ ሚስት አጥብቃ ነገረችኝ፤ ብረቱን ስጠው፣ መኪናዋን ግን እንዳታሳየው፣ የት እንዳለችም እንዳትነግረው። እንዳለችኝ አደረግሁ። ሽማግሌው ዘንጉን ካገላበጠ በኋላ «የሚቀመጥበትን ቦታ ልየው» ሲለኝ መኪናዋ ሰፈር ተወስዳለች ብዬ ዋሸሁት። ከዚያ ማንም ሳያዝዘኝ፣ አዋቂ ለመምሰል ብዬ፣ አንድ ቃል ጨመርኩ፤ «የጎበጠውንም አቅናው» አልኩት።

እሱም የተሰነጠቀውን ጫፍ በምስማር ሰፍቶ፣ ጉብጠቱን በእሳት አለስልሶ፣ እንደ ጦር ሶማያ ቀጥ አድርጎ መለሰልኝ። ዕቃው ሲያምር ልነግራችሁ አልችልም። ሲገጠም ግን እጀታው አንደኛ ማርሽ ላይ በግማሽ ይገባና ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ሁለተኛና የኋላው ጭራሽ የሉም። አጎቴ ሁለተኛውን ቀን ሙሉ ሲገፋና ሲስብ ዋለ። ማታ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እነሱ በሩ ላይ ሲከራከሩ፣ እኔ እጄ ስላላረፈልኝ የደብተሬን ገጾች ወደኋላ መግለጥ ያዝኩ። ከሁለት ወር በፊት አጎቴ ጎማ ሲቀይር እኔ ከመኪናዋ ስር ተኝቼ ሆዷን ስመረምር ነበር። በዚያን ቀን የጻፍኳትን ሁለት መስመር አገኘኋት።

ክንዷን አጠፍ አድርጋ ከእሳት ልትሸሽ፣
በሆዷ ስር ይዛ ትሄዳለች ማርሽ።

ቤት አመታቷ አስደስቶኝ ሦስት ቀን በልቤ ስደግማት ከርሜ ነበር። አሁን መልሼ አነበብኳት። ክንዷን አጠፍ አድርጋ። ዘንጉ የጎበጠው በድንጋይ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጎባጣ ነበር። አጠገቡ የሚያልፈውን የጋለ የጭስ ቱቦ እንዳይነካ ተብሎ፣ ሠሪው ራሱ ነው ያጎበጠው። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄ ጽፌዋለሁ፤ ከዚያ በአፌ አቅናው ብያለሁ።

መናገር ግድ ነበር። ተነስቼ ሁለቱን መስመሮች ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ አቅናው ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። 

«ባለቅኔ ያላጎበጠው ነገር የታለ?» አለ አጎቴ። «ስለ እኔ የጻፍከውን አንዴ አንብበህልኝ አልነበር? አፍንጫዬን የት እንዳደረስከው አስታውሳለሁ።»

«ጋሼ፣ ይህን ግን አይቼ ነው የጻፍኩት።»

«አይቼ አልክ» አለች ሚስቱ ፊቷን ወደ እኔ መልሳ። እንደ ስድብ ነበር የሰማሁት። ቀጥላ ግን የተናገረችው ለባሏ ነው፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «ያን ሾፌር የወሰዱት ዕለት ሚስቱ እዚህ ደጃፍ ድረስ መጥታ አልቅሳለች። እኔ እንደዚያ ከማለቅስ የፈለገው መጥቶ ይያት።» እጇን ከመቃኑ አወረደችና ከበሩ ገለል አለች።

ሽማግሌውን ልጠራ የሮጥኩት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ውሸቴንም ስህተቴንም ነገርኩት። አልተቆጣም። በቀን ብርሃን መምጣቱ ግን ለእሱም ቀላል አልነበረም፤ ቀጥቃጮች የአርበኛ ጠመንጃ ይጠግናሉ ተብሎ ያለ ፈቃድ ብረት ማሞቅ ከተከለከለ ቆይቷል። ትንሿን ወናፉን በኬሻ ጠቅልሎ፣ ከላይ ጥቂት ማጭድ አድርጎ፣ ገበያተኛ መስሎ ተከተለኝ።

ግቢ ገብቶ መኪናዋን ሲያይ ቆም አለ። የአጎቴ ሚስት ከበሩ ላይ ሆና ዓይኑን ትጠብቃለች። ሽማግሌው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ቃኛትና በመሬት ላይ ቱፍ አለ።

«እንዴት ያለች አስቀያሚ ናት» አለ።

ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። የሚያምር ነገር ካየ ይሰድበዋል፤ ካልሰደበው ነገ ለሚደርሰው ክፉ ነገር ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው። ከዚያ በጀርባው ተንፏቆ ከስሯ ገባ። እግሩ ብቻ ቀረ። ብረቱን ሲዳስስ ቆየ። በኋላ እጁ ብቅ አለና አመልካች ጣቱን አሳየን፤ ጥላሸት ነው።

«ይህን ያጠቆረው የእኔ እሳት አይደለም» አለ ከስር። «ዘንጉ ከቱቦው ጋር እየተፋተገ ነው። ወደኋላ ሲሳብ ቱቦው ይይዘዋል። እጀታው ምን ያድርግ?»

አጎቴ ወደ እኔ አየ። አፍንጫውን ሲነካ አየሁት።

ዘንጉ መጉበጥ አለበት፤ ምን ያህል ነው ጥያቄው። ግጥሜ አጠፍ አድርጋ ይላል እንጂ ልኩን አይናገርም። ሽማግሌው ከኪሱ የቃጫ ገመድ አወጣ። አንዱን ጫፍ እጀታው ግርጌ ላይ ለእኔ አስያዘኝ፤ ሌላውን ከቱቦው ሁለት ጣት እያራቀ ዙሪያውን አሳልፎ እስከ ማርሽ ሳጥኑ ወሰደው። መታጠፊያው በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቦታ ቋጠሮ አደረገ። ቤት ሲሠራ የጣሪያ እንጨት የሚለካውም በዚሁ መንገድ ነው። ከዚያ ከእንሰቱ ስር ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰል አደረገ፣ ወናፉን ተከለ፤ የማናፋው እኔ ነበርኩ። ዘንጉ ሲቀላ እያወጣ፣ ከገመዱ ጋር እያስተያየ፣ በቀስታ አጎበጠው። ሦስት ጊዜ ነው ያሞቀው። በእኔ ቃል ያቃናውን በእጁ መልሶ ሲያጎብጥ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ይህም ለእኔ ምሕረት ነበር።

ሲገጠም ፀሐይ ከአናታችን አልፋለች። የጎበጠ ዘንግ ከቀጥታው ያጥራል፤ ስለዚህ የመንታው ጫፍ ቀዳዳና የእጀታው ቀዳዳ አልገጠሙም፤ በግማሽ ጣት ተላልፈዋል። አጎቴ ብሎኑን በመዶሻ ላስገባው አለ። ሽማግሌው እጁን ያዘው።

«ብሎኑ በራሱ ክብደት መውረድ አለበት» አለ። «መትተህ ካስገባኸው ዘንጉ ሁልጊዜ እንደተሳበ ይኖራል፤ ማርሹም በገባ ቁጥር ልውጣ ይልሃል።»

መንታው ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው በብሎን ጥርስ ነው፤ እዚያ ላይ መንታው ሲዞር ዘንጉ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ዳዶ የሚባለው ማጥበቂያ ደግሞ ባለበት ያቆመዋል። እጀታውን መሀል ላይ፣ ምንም ማርሽ ባልያዘበት ቦታ፣ ቀጥ አድርጌ እንድይዝ አዘዘኝ። እሱ ከስር መንታውን ግማሽ ዙር ያዞራል፣ ብሎኑን ይሞክራል፣ ያወጣል፣ እንደገና ያዞራል። ለስድስት ጊዜ ያህል አልወረደም። በሰባተኛው ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት፤ ጠብ፣ ይህን ያህል ብቻ።

«ሞክር» አለ።

አጎቴ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። አንደኛ ገባ፤ ተቀመጠ፤ አልተፈናጠረም። ሁለተኛ ገባ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። የኋላውን ሲሞክር ግን እጀታው ጫፍ ላይ ደርሶ ግግም አለ። የአጎቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ሽማግሌው እንደገና ከስር ገብቶ ግማሽ ዙር ብቻ መለሰ፣ ዳዶውን አጠበቀ፤ ያለመጠን ሰፍቶ የነበረውን የመንታውን ቀዳዳ ደግሞ ቅቤ በጠጣ የቆዳ ቁራጭ አጠበበው። የኋላው ማርሽ ያለ አንዳች ድምፅ ገባ። አጎቴ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ።

«መናኛ መኪና» አለ በመጨረሻ።

«እጅግ መናኛ» አለች ሚስቱ ከበሩ ላይ። «ቱፍ።»

ገና ይህን ስትል ከአጥሩ ውጭ የጫማ ድምፅ መጣ። በእኛ መንደር ጫማ አድርጎ የሚሄድ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የካፒታኖው አስተርጓሚ። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነው፤ ግን ሰዓት ጠባቂው እሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ሽማግሌው ወናፉ አጠገብ ቆሟል፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው፣ ፍሙ ገና ይነዳል። እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። የአጎቴ ሚስት ግን ከበሩ ወርዳ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች፤ ደጃፉን አሻግራ፣ ምሰሶውን አሳልፋ፣ እስከ ውስጠኛው ክፍል ወሰደችው። ስትመለስ የጎመን ድስት ይዛ ነበር፤ ከብረት ማሞቂያው ፍም ላይ ጣደችውና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እኔ ወናፉ ላይ ተቀመጥኩበትና ደብተሬን ገለጥኩ። ስቀመጥበት ከስሬ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ ማንም አልሳቀም።

አስተርጓሚው የሚያብረቀርቅ ጫማውን ከእንሰት ቅጠል እያራቀ ገባ። መኪናዋን ዞሮ አያት። ማን ሠራት ብሎ ጠየቀ። አጎቴ እኔና የእህቴ ልጅ ነን አለ። አስተርጓሚው ደብተሬን አየና ይህ ምን ያውቃል አለ። አጎቴም ዘንጉ ድሮ እንዴት እንደነበር ጽፎት ነበር ብሎ መለሰ፤ ለአስተርጓሚው ከተናገርነው ሁሉ ቃል በቃል እውነት የነበረው ይኸው ብቻ ነው። አስተርጓሚው የድስቱን ክዳን በዱላው ጫፍ ነካ አደረገና ጎመን በዚህ ሁሉ ከሰል ይበስላል እንዴ አላት። ጎመኑ ያረጀ ነው አለችው። ከዚያ ከአጎቴ አጠገብ ወጥቶ ተቀመጠ። መኪናዋ ተነሳች፤ ወደኋላ ሄደች፣ ዞረች፣ ወደፊት ሄደች። ከአጥሩ ስትወጣ አስተርጓሚው በመስኮት ብቅ ብሎ «ጥሩ መኪና ናት» ሲል ሰማነው። የአጎቴ ሚስት ፊቷን ወደ መሬት መልሳ በሰውየው ፋንታ ቱፍ አለች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። ሽማግሌው ውጣ አልተባለም፣ እሱም ልውጣ አላለም። ምሰሶው አጠገብ ቁጭ ብሎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ነበር፤ ምንም ነገር ላለመንካት የሚጠነቀቅ ሰው አቀማመጥ። የአጎቴ ሚስት ጎመኑን አወረደች። ወደ ጓሮ ሄዳ የእንሰት ቅጠል ቀጠፈች፣ ይዛው መጣች፣ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ቅጠሉን ጥግ ላይ ጣለችና እኛ በምንበላበት ጣባ አቀረበችለት። እሱም በላ። ነገሩን ከእውነቱ ይልቅ አሳምሬ እንዳልጽፈው፣ በማግስቱ ያን ጣባ ሁለት ጊዜ ስታጥበው አይቻለሁ። ግን መልሳ ያስቀመጠችው ከሌሎቹ ጋር ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አጎቴ በእግሩ መጣ። ብቻውን ነው። እጆቹን ኪሱ ከቶ፣ እንደ ገበያ ተመላሽ እየተንቀራፈፈ። ሚስቱ ተነስታ እስከ በሩ ሄደችለት።

«ምን አሉ?»

«ድንጋይ ነው ተባለ» አለ አጎቴ።

ሌላ የጠየቀው የለም። አጎቴ መደቡ ላይ ተዘርግቶ ጣሪያውን ያይ ጀመር፤ ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ረሃቤ ያን ጊዜ ነው የመጣው፤ የተረፈውን ጎመን ጠርጌ በላሁት፤ በእውነትም ያረጀ ነበር።

ሽማግሌው ሲነሳ አጎቴም ተነሳ። ወናፉን ራሱ ጠቅልሎ፣ ራሱ ከኬሻው ጨምሮ፣ ትከሻው ላይ አሸከመው። «አባቴ፣ በጓሮ መሄድ የለብዎትም፤ በፊት ለፊቱ ይውጡ» አለው። ጠዋት በዚህ ቤት ያ ሰው ነበር የሚባለው።

ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ያችን አንብብልኝ» አለ። አነበብኩለት። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማ።

«ከእሳት ልትሸሽ ብለህ ጽፈሃል» አለ። «ታዲያ አቅናው ያልከኝ ምን አስበህ ነው?»

  ሁለቱን መስመሮች ስጽፍ ዓይኔ ዘንጉ ላይ፣ ልቤ ቤት መምቻው ላይ ነበር። እሱም መልስ ሳይጠብቅ መንገዱን ጀመረ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ወደኋላ ዞሮ ቤቱን አየው፤ ምሰሶውን፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ጣባዎች፣ መደቡን፣ እኛን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከውስጥ ያየው ቤት ነው፤ ዓይኑ አልቸኮለም። ከዚያ በደጃፉ ላይ ቱፍ አለ።

«እንዴት ያለ መናኛ ቤት ነው» አለ።

የአጎቴ ሚስት በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ሽማግሌው ማጭዶቹን እያንኳኳ ወጣ፤ እሷም እስኪርቅ ቆማ ካየችው በኋላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።